ስለ ብረት ምድጃ የጢስ መውጫ፥ ስለሚያገኘው እንከንና ስለ ማቃኛው

ከአምቦ ወደ ምዕራብ በጉደር አልፎ ወደ ጌዶ የሚሄድ፥ ወይም ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ ወንጪ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት እንዴት ያለ ብርድ እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል። የአምቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ሆለታ ከዚህ ትበልጣለች፤ የደንዲና የወንጪ ተራሮች ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ቤት የሠራ ሹም ወይም ባለ ሀብት ከላሜራ የተበየደ የብረት ምድጃ አቁሞ ጢሱን በቱቦ ማስወጣት ቢወድ የሚያስመሰግነው ነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን ምድጃውን መግዛት አንድ ነገር ነው፤ የቱቦውን ጠባይ ማወቅ ሌላ ትምህርት ነው። ቱቦው የተበላሸ የብረት ምድጃ በሦስት ጕልቻ ላይ ከሚነድ እሳት ይልቅ ሰውን ቶሎ ይጐዳል። የጕልቻው ጢስ ዐይን ስለሚያቃጥል ሰውን አስነሥቶ ወደ ደጅ ያስወጣዋል፤ በተዘጋ ክፍል ያለው የብረት ምድጃ ግን ሰውን በእንቅልፉ ሳለ ይይዘዋል።

ይህን በሰሚ ሰሚ አልጻፍሁትም። በአንዲት የደጋ ወረዳ ከተማ ለሥራ ሄደን ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ በእንግዳ ማረፊያ ቤት አደርን። ቤቱ አዲስ ነበር፤ ጣራው ቈርቈሮ፥ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ በኖራ የተቀባ፥ ኮርኒሱ በአቡጀዲ የተወጠረ፤ በማዕዘኑም የብረት ምድጃ ቆሟል። ዘበኛው ደግ ሰው ነውና እንዳይበርደን ብሎ በዚያው ሳምንት የተቈረጠ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ምድጃው አፍ እስኪሞላ ጨመረበት። እሳቱም እስኪነጋ እንዲያድር በቱቦው ላይ ያለውን መዝጊያ አዞረው፤ መስኮቱንም ነፋስ እንዳይገባ በጆንያ ወተፈው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ራሴን በመዶሻ እንደ ተመታ ሰው ሆኜ ነቃሁ። በክፍሉ ውስጥ የሚታይ ጢስ ብዙ አልነበረም። አንደኛው ጓደኛዬ ሊቆም ቢሞክር ጕልበቱ ታጠፈ፤ ሁለተኛው ቢጠሩት አይሰማም። በእንብርክክ ሄጄ በሩን ከፈትሁት፤ ያልነቃውንም በብርድ ልብሱ እየጐተትን ወደ ደጅ አወጣነው። በውርጩ ላይ ብዙ ከቈየ በኋላ አስመለሰው፤ ከዚያም ዐይኑን ገለጠ።

የያዘን ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። እሳት በቂ አየር ሳያገኝ እየታፈነ ሲነድ ይወለዳል፤ ወደ ሳንባ በገባ ጊዜም ሕይወት የሚሰጠውን አየር ከደም ላይ አስለቅቆ በስፍራው ይቀመጣል። ከሰል አቀጣጥለው በራቸውን ዘግተው የተኙ ሰዎች ሞተው ተገኙ የሚባለው ወሬ ሁሉ የዚሁ ሥራ ነው። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና የጕልበት መክዳት በአንድ ቤት ያሉትን ሰዎች ባንድ ጊዜ የያዛቸው እንደ ሆነ ሌላ በሽታ መጠርጠር አይገባም፤ አስቀድሞ ወደ ደጅ መውጣት፥ ከዚያም ሐኪም መጥራት ነው።

ሲነጋ ዘበኛውና አንድ በያጅ ቱቦውን አወረዱት። አንድ ጥፋት ፈልገን አራት አገኘን። ምድጃው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር የነበረው ስፋት ከፍ ብሎ በ10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ተቀጥሏል፤ ይህም ሰፊ ቱቦ ስለ ጠፋ በተገኘው የተደረገ ነው። ቱቦው ከምድጃው ወጥቶ ሁለት ሜትር ያህል ጋድም ከሄደ በኋላ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል፤ በውጭም ወደ ላይ አንድ ክንድ ብቻ ቆሞ ከጣራው ክፈፍ በታች ያበቃል። በእጥፋቱ ውስጥ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጥቀርሻ ተጋግሯል። በአፉም ላይ ወፍ የሰበሰበችው ጭድ ነበረበት። ዘበኛው ይህን ሁሉ አይቶ «ጌቶች፥ ሲነድ ሲነድ ደኅና ነበር እኮ» አለ። እውነቱን ነው፤ እሳቱ በኀይል ሲነድ ጢሱ በግድ ይወጣ ነበር፤ እሳቱ ሲደክም ግን የሚገፋው አጣ።

ነገሩን ለመረዳት የጢስ መውጫን ሥራ በሚዛን መመሰል ይጠቅማል። በአንዱ ወገን በቱቦው ውስጥ የሞቀው ቀላል አየር፥ በሌላው ወገን በውጭ ያለው ቀዝቃዛና ከባድ አየር አለ። ከባዱ ቀላሉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጢሱም አብሮ ይወጣል። እንግዲህ ቱቦው በረዘመ መጠን፥ ውስጡም ሞቆ በቈየ መጠን የመሳብ ኀይሉ ይበረታል፤ ባጠረና በቀዘቀዘ ጊዜ ይደክማል። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝም ሚዛኑ ይገለበጥና አየሩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በእኛ ደጋ ደግሞ የሚታሰብ ሌላ ነገር አለ። በአምቦ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ውሃ በዚያ 100 ዲግሪ ሲሆን የሚፈላው በእኛ በ93 ዲግሪ ግድም የሚፈላው ስለዚህ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚዛኑም ልዩነት ይቀንሳል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣ ምድጃ በመመሪያው ላይ የተጻፈው የቱቦ ርዝመት ለወደብ ከተማ በቂ ቢሆን ለጊንጪ ወይም ለጀልዱ ላይበቃ ይችላል። ከምድጃው ጫፍ እስከ ቱቦው አፍ ከ4 ሜትር ተኩል እንዳያንስ፥ በላይኛው ደጋም አንድ ሜትር እንዲጨመርበት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ለዚህ ሥራ የሚበጀው መሣሪያ ጧፍ ነው። ጧፉን ለኵሶ በተከፈተው የምድጃ አፍ አጠገብ መያዝ ነው። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ቢያዘነብል ቱቦው ይስባል፤ ቀጥ ብሎ ቢቆም ደክሟል፤ ወደ ሰው ቢያዘነብል አየሩ እየወረደ ነውና በዚያ ምድጃ እሳት መለኰስ አይገባም። ይህን ሙከራ እሳት ሳይነድ፥ እሳቱ ሲጀምርና እሳቱ ሲያድር ሦስት ጊዜ ያደረገ ሰው የበሽታውን ስፍራ ያውቀዋል።

ጢሱ እሳቱ ሲለኰስ ብቻ የሚመለስና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚተው እንደ ሆነ፥ በሽታው የቱቦው ቅዝቃዜ ነው። በግድግዳ ውጭ በብርድ ላይ የተዘረጋ ቱቦ ይህን ያበዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማገዶው ከመቀጣጠሉ አስቀድሞ አንድ እፍኝ ደረቅ ጭድ ወይም ወረቀት ለኵሶ ከቱቦው ሥር ማንደድ፥ ቱቦው ሲስብ በተሰማ ጊዜ ጭራሮውን ማቀጣጠል ነው። ቱቦ የሚያሠራ ሰው ግን ከመጀመሪያው በቤቱ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ቢያወጣው የቤቱ ሙቀት ራሱ ቱቦውን ያሞቅለታል።

ጢሱ በሩና መስኮቱ ሲዘጋ የሚመለስ፥ በሩ ሲከፈት የሚተው ከሆነ፥ ቱቦው በደል የለበትም፤ ቤቱ አየር አጥቷል ማለት ነው። እሳት የሚያወጣውን ያህል አየር ከአንድ ስፍራ መግባት አለበት። ብርድ እንዳይገባ ብለን ቀዳዳውን ሁሉ በወተፍን ቍጥር አየሩ በቱቦው በኩል መግቢያ ይፈልጋል። ከምድጃው አጠገብ በግድግዳው ግርጌ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ከልሎ መተው ይገባል፤ ለአይጥ የሚፈራ ሰው ሽቦውን ያጥብቀው እንጂ ቀዳዳውን አይድፈነው።

ነፋስ ሲነሣ ብቻ የሚመለስ ጢስ ደግሞ የቱቦው አፍ ዝቅ ማለቱን ይናገራል። ነፋስ ጣራውን ሲመታ ከወዲያኛው ወገን ወደ ታች ይሽከረከራል፤ በዚያ ሽክርክሪት ውስጥ ያለ የቱቦ አፍ ጢሱን መልሶ ይጠጣል። ልኩ እንዲህ ነው፤ ቱቦው ጣራውን በስቶ ከወጣበት ስፍራ 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በዙሪያው በ3 ሜትር ውስጥ ካለው የጣራ ጕልላት፥ ዛፍ ወይም ግንብ ሁሉ ደግሞ ቢያንስ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። እንደ አምቦ በኮረብታ ሥር ባለ ከተማ፥ ወይም ቤታቸው በረጅም ባሕር ዛፍ በተከበበ ሰዎች ዘንድ፥ ይህ ሁሉ ተደርጎ ነፋሱ ያልተወ እንደ ሆነ፥ በአፉ ላይ የላሜራ ቆብ ማድረግ ይረዳል። ቆቡ ለክረምቱ ዝናብም ግድ ነው፤ ውሃ ከጥቀርሻ ጋራ ሲገናኝ ብረት የሚበላ ነገር ይሆናልና። ነገር ግን ቆቡ ከቱቦው አፍ በጣም ተቀራርቦ ከተበየደ እርሱ ራሱ መታፈኛ ይሆናል፤ በመካከሉ ቢያንስ የቱቦው ስፋት ግማሽ ያህል ይራቅ። ወፍ እንዳትገባ የሚደረገው ሽቦም ዐይኑ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ በአንድ ወር ውስጥ በጥቀርሻ ይደፈናል።

ሁልጊዜ በማናቸውም አየር የሚመለስ ጢስ ግን ከአሠራሩ ነው፤ እኛ ባደርንበት ቤት የነበረው ይህ ነው። የቱቦው ስፋት ከምድጃው አንገት ማነስ ከቶ አይገባውም። ማዕዘን የሠሩ እጥፋቶች ከሁለት ባይበልጡ ይሻላል። ጋድም የሚሄደው ክፍል ያጥር፤ ባንድ ሜትርም ውስጥ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ እያቀና ይሂድ። የሁለት ምድጃ ጢስ በአንድ ቱቦ ማስወጣት ለቍጠባ ተብሎ ይደረጋል፤ ነገር ግን አንዱ ሲነድ ሌላው ይታመማል፤ ባይደረግ ይሻላል። ቱቦውም ከአሮጌ ቈርቈሮ ተጠቅልሎ እንዳይሠራ። ቈርቈሮ በዚንክ የተቀባ ነው፤ ከምድጃው አጠገብ እስኪቀላ በጋለ ጊዜ ዚንኩ ይለቅና ለሳንባ የማይስማማ ጢስ ይሰጣል። የታችኛው ክፍል ያልተቀባ ጥቍር ላሜራ ይሁን።

ከቱቦው መጋጠሚያ ጥቍር ውሃ ሲንጠባጠብና ግድግዳውን ሲያበላሽ ብዙዎች ዝናብ ገባ ይላሉ። በበጋም የሚንጠባጠብ ከሆነ ዝናብ አይደለም፤ የእርጥብ እንጨት ላብ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ምክንያቱም የጢስ መውጫ በሽታ ሁሉ ግማሹ ከማገዶ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ማገዶ ማለት በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር መጥቶ ሳይስፋፋ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተጨንቃ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ግድም በዚያ ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፉ በፍጥነት ስላደገ ከተማይቱ ሳትነሣ ቀረች። ዛሬም ከሆለታ እስከ አምቦ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ደን አብዛኛው እርሱ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ መልካም እሳት አለው። አዲስ የተቈረጠው ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ 10 ኪሎ እርጥብ ፍልጥ በምድጃ የጨመረ ሰው 5 ኪሎ ውሃ አፍልቶ በቱቦ ለማስወጣት ማገዶውን አጠፋ ማለት ነው። እንፋሎቱና ያልነደደው ጢስ በቀዘቀዘው የቱቦ ጫፍ ላይ ሲደርሱ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቍር ነገር ሆነው ይጣበቃሉ። ይህም ሬንጅ ሲደርቅ ራሱ ማገዶ ነው።

ስለዚህ ፍልጡ ተሰንጥቆ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፥ ላዩ ተከድኖ ጐኑ ለነፋስ ተከፍቶ ቢያንስ ስድስት ወር፥ ቢቻል ዓመት ይቀመጥ። በመስከረም የተፈለጠ ለሚመጣው ክረምት ይደርሳል። ግንዱ ሳይፈለጥ ቢቀመጥ ዓመትም አይበቃውም። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ግን ድፍን ድምፅ አለው። ጥድ ሙጫ ስላለው ጥቀርሻው ብዙ ነው፤ ፍንጣሪም ይረጫል። ደግሞም በጭሊሞና በጅባት የቀረው የጥድ፥ የዝግባና የወይራ ደን ለምድጃ የሚታሰብ አይደለምና ሹማምንት ይህን በሚገባ ይጠብቁት።

መጋጠሚያውን በተመለከተ በያጆች ሁሉ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የላይኛው ቱቦ በታችኛው ውስጥ መግባት አለበት እንጂ ታችኛው በላይኛው ውስጥ መግባት የለበትም። እንዲህ ሲሆን የሚወርደው ጥቍር ላብ በውስጥ ወደ ምድጃው ይመለስና ይቃጠላል። ለጢሱ እንዲመች ተብሎ በተገላቢጦሹ ሲገጠም ላቡ በውጭ ይፈሳል። እያንዳንዱ መጋጠሚያም በሦስት ብሎን ይያዝ፤ በጭቃ ብቻ የተመረገ ቱቦ በጋለና በቀዘቀዘ ቍጥር ይላቀቃል።

ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከወፈረ መጠረግ አለበት። ምድጃው በየዕለቱ በሚነድበት ወራት በየወሩ ማየት በቂ ነው። የሽቦ ብሩሽ ያላገኘ ሰው ገለባ የታጨቀበት ከረጢት ውስጥ ድንጋይ ጨምሮ በገመድ ከላይ ወደ ታች እየጐተተ ሊጠርግ ይችላል። ከዚህ በፊት ግን ምድጃው ፈጽሞ መብረዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሳይጠረግ የቀረ ቱቦ አንድ ቀን በውስጡ እሳት ይነሣበታል። ምልክቱ እንደ ከባድ ነፋስ ያለ ጕርምርምታ፥ የቱቦው መንቀጥቀጥና መቅላት፥ ከላይም የነበልባል መውጣት ነው። በውስጡ ያለው ሙቀት 1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚያን ጊዜ የምድጃውን በርና የአየር መግቢያውን መዝጋት፥ ሰውን ሁሉ ከቤት ማውጣት፥ ከውጭ ጣራውንና በአጠገቡ ያለውን ሣር በውሃ ማራስ ነው። በጋለው ቱቦ ላይ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ያፈነዳዋል፤ እንፋሎቱም ሰው ይገሸልጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ቱቦው ከእንጨት፥ ከአቡጀዲና ከማናቸውም ከሚነድ ነገር 45 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ኮርኒሱንና ጣራውን በሚበሳበት ስፍራ ደግሞ ሰፋ ያለ የላሜራ አንገት ተደርጎለት በመካከሉ አየር ይመላለስ። ባደርንበት ቤት ቱቦው ከአቡጀዲው አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር፤ በጢስ ባንታመም ኖሮ በእሳት መነሣታችን አይቀርም ነበር።

በሣር ክዳን ቤት ቱቦ ማስወጣት ከዚህም በላይ ያሳስባል፤ እኔ አልመክርም። ነገር ግን የማድ ቤቱን ጢስ ማስወጣት የለብንም ማለቴ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓመት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ይገኙባቸዋል። እናት እንጀራ ስትጋግር በጀርባዋ ያለው ልጅ የምትተነፍሰውን ይተነፍሳል። ለእንጀራ በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ ጢሱም ይቀንሳል፤ ማድ ቤቱ ቈርቈሮ ከሆነ በኋላው ቱቦ ሊገጠምለት ይቻላል፤ ከላይ የተነገረው ልክ ሁሉ ለእርሱም ይሠራል።

የገበሬው ሚስት ግን የምትመልሰው መልስ አላት፤ ሹማምንትም ሊሰሙት ይገባል። በጐጆ ቤት ጢሱ ጥቅም ነበረው። የሣሩን ክዳን ከምስጥና ከብስባሴ ይጠብቀዋል፤ ከምድጃው በላይ ለዘር የተሰቀለውንም በቆሎ ያደርቀዋል፥ ነቀዝም እንዳይቀርበው ያደርጋል። ጢሱን በቱቦ አስወጥተን ዘሩን በነቀዝ ብናስበላ ያች ሴት በሚመጣው ዓመት ቱቦውን ነቅላ ትጥለዋለች፤ አትፈረድባትም። ስለዚህ ጢስ መውጫ እንዲሠራ የሚመክር ባለ ሥልጣን በዚያው ቃል ለዘሩ ሌላ ማኖሪያ ይምከር፤ እህሉ በፀሐይ በደንብ ከደረቀ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ቢከደን ነቀዙ በውስጡ ታፍኖ ይሞታል።

በመጨረሻ ስለ ዐመዱ። የእንጨት ዐመድ ፖታሽና ኖራ ያለበት ስለ ሆነ እንደ ጌዶና እንደ ጀልዱ ባለ አሲዳማ መሬት ላይ ለጓሮ አትክልት ይረዳል፤ ከቱቦው የተጠረገው ጥቀርሻ ግን ከእርሱ ጋራ አይቀላቀል። ከምድጃ የወጣ ዐመድ በላዩ የበረደ መስሎ በውስጡ ፍም ይዞ አንድ ቀን ሁለት ቀን ሊያድር ይችላልና፥ በክዳን ባለው የቈርቈሮ ዕቃ ሆኖ ከቤቱ ርቆ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ እንጂ በቅርጫት ወይም በጆንያ አድርጎ በማድ ቤት ጥግ ማኖር አይገባም።